እግሯ ያልሞላ ፍሬ

ኻርጡም፣ አል-ጣኢፍ
ጥቅምት 4 ቀን 2018

ኡስታዝ ኦመር ፓስፖርቴን ይዞ ትናንት ወደ ፖርት ሱዳን ተመልሷል።

ለተከበሩ ጋሼ በሽር፤ የአላህ ሰላምና እዝነት ከነቤተሰብዎ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። እኔ በሕይወት አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ባያስታውሱኝ አልፈርድብዎትም። የሐርቡው የይማም አሊ ልጅ ሉጥፊያ ነኝ፤ አያቴና አባትዎ ወንድማማቾች ናቸው። ከአገር ልወጣ ስል፣ በ2008፣ ለአረፋ በሬ ሊገዙ መጥተው እቤታችን አድረው ነበር።

የምጽፈው ስልክ ስለሌለኝ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ኬላ ላይ ወሰዱብኝ። ይህን የሚያደርሰው ኢሳ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከኻርጡም ድንበር ላይ እስካለችው ገላባት ይመላለሳል፤ መተማ ላይ ለአገራችን ሾፌሮች ይሰጥልኛል።

ኡስታዝ ኦመር አሠሪዬ ነው። ከጦርነቱ በፊት ዐማራት በሚባል ሰፈር የጆሮ መስሚያ መሣሪያ የሚሸጥበትና የሚጠግንበት ክሊኒክ ነበረው። እዚህ አሁን ያለሁበት ቤቱ ገራጅ ውስጥ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ የፕላስቲክ ማሽን አለችው። ፕላስቲኩን ታቀልጥና ወደ ሞልዱ፣ ማለትም ቅርጽ ወደሚያሲዘው ብረት፣ ትገፋዋለች። የምትወጣው ፍሬ ከስንዴ ታንሳለች። አናቷ ቀለበት ነው፤ ከቀለበቱ ሥር ከክር የማይወፍር እግር አላት። እግሯ መስሚያው ውስጥ ገብቶ ይይዛል፤ ቀለበቷ የጆሮ ኩክ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከለክላል። ዘራፊዎች የቤቱን በር ሳይቀር ነቅለው ሲሄዱ ማሽኗን ትተዋታል። ምን እንደምትሠራ አልገባቸውም መሰለኝ።

ማሽኗን ይሠራ የነበረው ካሳሁን የሚባል የሳጃና ሰፈር ልጅ ነው። ጦርነቱ ሲጀምር ወጣ፤ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። እኔ ቤት ጠራጊ ነኝ፤ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ቆሜ ዕቃ አቀብየዋለሁ። ኡስታዝ ኦመር ይህን ያውቃል። ጦርነቱን ሸሽቶ በሄደ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ለአራት ቀን መጥቶ የፀሐይ ከህረባ፣ መብራት ማለቴ ነው፣ አስገጠመና፣ «ረመዳን ሳይገባ ሁለት ሺህ ደህና ፍሬ አድርሺልኝ፤ ጀዋዝሽን ከነመውጫ ቪዛው እጅሽ ላይ አስቀምጣለሁ» አለኝ፤ ፓስፖርቴን ማለቱ ነው።

«ባይሞላስ?» አልኩት።

«ካሳሁን ሲሠራው ይሞላ ነበር። ሞልዱ ያው ነው፣ ማሽኗም ያችው ናት። ያላ!» ብሎ መኪናውን አስነሳ። ፍሬዋንም ሆነ ሞልዱን ለማንም እንዳላሳይ አስጠንቅቆኛል፤ ሠርቶ የሚሸጥ ሌላ ሰው ይነሣብኛል ብሎ ይፈራል።

ምትክ ወረቀት የሚሰጠው ኤምባሲያችን ፖርት ሱዳን ነው። ያለ ወረቀት ደግሞ ፖርት ሱዳን አይደረስም።

ትናንት ሁለት መቶ አርባ ጨመቅሁ። የሁሉም ቀለበት ሞልቷል፤ የሁሉም እግር ግማሽ ላይ ቀርቷል። አምስቱን በወረቀት ጠቅልዬ ልኬልዎታለሁ፤ እርስዎም ለማንም አያሳዩብኝ። እናቴ «በሽር የፕላስቲክ ፋብሪካ የሞልድ አዋቂ ነው» እያለች ሁልጊዜ ታነሳዎታለች። እግሯ ለምን እንደማይሞላ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ሉጥፊያ ይማም


ኮምቦልቻ
ኅዳር 2 ቀን 2018

ለልጄ ለሉጥፊያ ይማም፤ ሰላምታዬ ተራራውንም በረሃውንም አልፎ ይድረስሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤሽ ሃያ ስምንት ቀን መንገድ ላይ ቆይቶ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ መልሱን ለነገ አላሳደርኩትም።

እንዴት አላስታውስሽ! ደጅ ላይ ሰፌድ ይዘሽ ቆመሽ «ያ በሬ ይራገጣል፣ ጋሼ፣ አይግዙት» ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ገዛሁት፤ ረገጠኝም።

ሐርቡ ወርጄ ለእናትሽ አነበብኩላት። ደህና ናት፤ ዓይኗ ትንሽ ደክሟል። ስለ ፓስፖርቱ ያለውን ዘለልኩት።

ወደ ሥራው እንግባ። እኔ በዚህ ሙያ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ባልዲ በይው ሳፋ፣ ጆግ በይው በርጩማ፣ በእጄ ያልወጣ የለም። ፕላስቲክ ያው ፕላስቲክ ነው፤ ትልቁን ያወቀ ትንሹ አያቅተውም። ፍሬዎችሽን አገላብጬ አየኋቸው። ስሕተትሽ ችኮላ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ፕላስቲክም እንዲሁ ነው። ቀስ ብለሽ ግፊው። ሲቻኮል አየር ያፍናል። ሞልዱንም አቀዝቅዢው፤ እኛ ቀዝቃዛ ውኃ እናዞርበታለን፣ አንቺ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ አስጠጊበት። ይህን አድርገሽ ካልሞላ የምትሰጪው ፕላስቲክ አንሷልና ጨምሪለት።

አብሽሪ፤ በሁለት ሳምንት ትጨርሺዋለሽ። ስትመጪ ከተመቸሽ ለልጆቼ እናት አንድ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ቶብ ያዢላት። ቀለሙን አንቺ ምረጪ።

አላህ ያግራልሽ።
በሽር


ኻርጡም፣ አል-ጣኢፍ
ታኅሣሥ 1 ቀን 2018

ስድስት መቶ ሠርቼ አንዷም አልሞላችም።

ለተከበሩ ጋሼ በሽር፤ አላህ ከነልጆችዎና ከነልጆችዎ እናት ይጠብቅዎ። ደብዳቤዎ ኅዳር 27 ደረሰኝ፤ ስለ ድካምዎ ጀዛከላህ። እናቴን ስላዩልኝም፣ ስለ ዘለሉትም።

እንዳሉኝ አደረግሁ። በረዶ እዚህ የለም። ዚር ከሚሉት የሸክላ ጋን ውኃ እየቀዳሁ በእርጥብ ጨርቅ ሞልዱን አቀዘቀዝኩ። ቀስ ብዬም ገፋሁ። እግሯ ድሮ ግማሽ ላይ ይቀር ነበር፤ አሁን ሩቡ ላይ ይቀራል። ፕላስቲክ ስጨምርላት ደግሞ በሞልዱ መጋጠሚያ በኩል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ወደ ጎን ይወጣል። ያልገባኝ ይህ ነው። እግሯ ባዶ ሆኖ እየጠበቀ፣ ፕላስቲኩ ለምን መንገድ ወደሌለበት ይሄዳል?

ኢሳ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ አንዷን ፍሬ መዳፉ ላይ አድርጎ አያት።

«ጥርስ ነው?» አለኝ።

«የጆሮ ዕቃ ነው።»

«የማን ጆሮ? የጉንዳን?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

ኡስታዝ ኦመር ወደ አገር ቤት በማይሠራው በጎረቤታችን ስልክ ደውሎ፣ «ካም ሐባ? ስንት ፍሬ ደረሰ?» አለኝ። «እየሠራሁ ነው» አልኩት። አልዋሸሁም።

ቶቡን አልረሳሁትም፤ ግን ቀን ቀን ከግቢ አልወጣም። መንገድ ላይ ወረቀት ይጠይቃሉ።

ጋሼ፣ ቅር እንዳይልዎት። እንዲህ ትንሽ የሆነ ፍሬ ሠርተው ያውቃሉ?

ልጅዎ ሉጥፊያ


ኮምቦልቻ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2018

ለልጄ ለሉጥፊያ፤ ሰላምና ጤና፣ ከዚያም ትዕግሥት ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ዛሬ ገባልኝ።

ቶቡን ተይው። የተናገርኩት ለጨዋታ ነው።

ስድስት መቶ ሠርተሽ አለመሙላቱ አሳስቦኛል፤ ግን መላ አለው። ፕላስቲኩ ሰንፏል፤ የሚያስገድደው ይፈልጋል። ማሽኗ የግፊት ቁልፍ ይኖራታል። ሞልዱን እንዳቀዘቀዝሽ ቁልፉን ጨምሪ፤ ካልበቃ እስከ መጨረሻው አዙሪው። እኛ ዘንድ የበርጩማ እግር እንቢ ሲል የምናደርገው ይህንን ነው።

ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ አጥሮት ለጊዜው አርፏል፤ እኔም አብሬ እያረፍኩ ነው። ስለዚህ ለአንቺ ለማሰብ ጊዜ አለኝ። እናትሽ መቼ እንደምትመጪ ጠየቀችኝ። ለረመዳን አልኳት።

በሽር


ኮምቦልቻ
ጥር 4 ቀን 2018

ባለፈው የጻፍኩልሽን አትፈጽሚ። ቁልፉን አትንኪው።

ሉጥፊያ የኔ ልጅ፤ አላህ ይህንን ከዚያኛው ያስቀድምልሽ። ሰላምታውን አሳጠርኩ፤ ሾፌሩ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ለማንም አያሳዩ ብለሽኝ ነበር፤ አሳየሁ። ታኅሣሥ ላይ የጠየቅሽኝ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። እዚህ ኮሌጅ የምታስተምር ህሊና የምትባል መሐንዲስ አለች፤ ፍሬዎችሽን ይዤ ሄድኩ። በማጉያ መነጽር አየቻቸው።

«ማን ነው የሚሠራው?» አለችኝ።

«ዘመዴ ናት።»

«ምን ብለው መከሯት?»

«ሞልዱን አቀዝቅዢ፣ ቀስ በይ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብያታለሁ» አልኳት።

ሳቋን ልትይዝ ሞከረች። «ጋሽ በሽር፣ ይህ ባልዲ አይደለም። እዚህ ላይ እንቁላሉ እግር ሳያወጣ ይደርቃል» አለችኝ።

እንደገባኝ ልንገርሽ። ቅልጥ ፕላስቲክ ብረት ሲነካ ዳሩ ይደርቃል። በባልዲ ውፍረት ዳሩ ቢደርቅም መሐሉ መፍሰሱን አይተውም። በክር ውፍረት ግን ዳርና መሐል የሚባል የለም፤ ነካ ማለት ደረቀ ማለት ነው። ፕላስቲኩ ሰፊውን ቀለበት ሲያገኝ ወደዚያ ይሄዳል። እግሩ ደጃፍ ላይ ያለው ቆሞ ሲጠብቅ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ብታስገድጂውም በሩ ተዘግቷል፤ ያገኘው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ያልገባሽ ነገር ይኸው ነው። ሞልዱን ደግፎ የሚይዝ ወፍራም ብረት ከሌለም በግፊት ብዛት ትሰብሪዋለሽ አለችኝ።

ስለዚህ የነገርኩሽ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። ሞልዱን አግዪው፤ ምራቅ ሲነካው እስኪጮኽ ድረስ። ግፊቱን መካከለኛ አድርጊ፤ ፍጥነቱን ግን ማሽኗ እስከቻለችው። ከዚያ አየር ይመጣብሻል። ፕላስቲኩ ሲሮጥ የእግሩን አየር ጫፍ ላይ ያፍነዋል፤ የታፈነ አየር ይግልና ጫፉን ያጠቁረዋል። አየሩ የሚወጣበት ከፀጉር የቀጠነ መስመር ሞልዱ ላይ አለ። በመርፌ አትነካኪው፤ በአልኮል እጠቢው። ትክክለኛውን ቁጥር የሚያውቀው ግን ፊት የሠራው ሰው ነው ብላለች። ካሳሁን የጻፈው ነገር ካለ ፈልጊ።

አሁን የእኔን ስሚ። የሞልድ አዋቂ ሆኜ አላውቅም። ከማሽን የወጣ ባልዲ ዳሩን በቢላዋ የምከረክም ነበርኩ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ማሽን ላይ አቆሙኝ። ለእናትሽ ድሮ የተናገርኩትን መልሼ መዋጥ አፈርኩ። ፋብሪካውም «ለጊዜው» አይደለም ያረፈው፤ ከተዘጋ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል።

አሠሪሽ ስለ መዘግየቱ ቢቆጣ ብዬ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ፍሬዎቹን ተቀብዬ ለመሐንዲስ እንዳሳየሁና አንቺ የታዘዝሽውን ብቻ እንዳደረግሽ በዐረብኛ አስጽፌ፣ ፈርሜ አብሬ ልኬያለሁ። እንዳስፈላጊነቱ ስጪው።

መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ።
በሽር


ኻርጡም፣ አል-ጣኢፍ
ጥር 20 ቀን 2018

የሞልዱ ግራ መርፌ ተሰብራለች።

ለተከበሩ ጋሼ በሽር፤ ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። የታኅሣሥ 24 ደብዳቤዎ ጥር 17 ደረሰኝ፤ በማግሥቱ ቁልፉን አዞርኩ።

ሞልዱ በአንድ ጊዜ ሁለት ፍሬ ያወጣል። በየፍሬው መሐል የቀለበቱን ቀዳዳ የምታበጅ የብረት መርፌ አለች። ቁልፉን ግማሽ ሳዞረው ምንም አልመጣም። እስከ መጨረሻው ሳዞረው ጣት ሲንቋቋ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ስከፍተው የግራዋ መርፌ ከሥሯ ሄዳለች። ስባሪዋን በማግኔት አወጣኋት። የቀኟ ደህና ናት።

እንዲህ ትንሽ ፍሬ ሠርተው ያውቃሉ ብዬ ለጠየቅሁዎ ደብዳቤዎ ላይ መልስ የለም። ረስተውት ይሆናል።

እኔም የደበቅሁት ነገር አለኝ። ካሳሁን የማሽኗን ቁጥሮች በእርሳስ ክዳኗ ላይ ጽፏቸው ነበር፤ ሙቀቱን፣ ፍጥነቱን፣ ሁሉንም። ኡስታዝ ኦመር ሊመጣ ነው ሲባል ቤቱን ሁሉ ከጥላሸት አጠብኩ። ማሽኗንም በሳሙናና በበረኪና ፈተግኳት። ቁጥሮቹን ያስታወስኳቸው ጨርቁን ከጨመቅሁ በኋላ ነው። ሰባት ዓመት በየቀኑ አይቻቸዋለሁ፤ ያየኋቸው ግን አቧራ ላራግፍላቸው እንጂ ላነባቸው አልነበረም። ኡስታዝ ኦመር ገብቶ፣ «ማሻአላህ፣ አዲስ አስመሰልሻት» አለኝ። አመሰገንኩት።

ለእርስዎ በጥቅምት ልጽፍልዎ ነበር። ሞኝ ናት እንዳይሉኝ ተውኩት።

ኡስታዝ ኦመር ትናንት ደውሎ የካቲት 9 እመጣለሁ ብሏል። ስለ መርፌዋ አልነገርኩትም። እጄ ላይ አንድም ደህና ፍሬ የለም።

ሉጥፊያ


ኻርጡም፣ አል-ጣኢፍ
የካቲት 7 ቀን 2018

ኡስታዝ ኦመር ትናንት ከፖርት ሱዳን ተነሥቷል።

ለተከበሩ ጋሼ በሽር፤ አላህ ረመዳኑን በሰላም ያድርስዎ፤ ጾሙንም ያቅልልዎ። የጥር 4 ደብዳቤዎ የካቲት 1 እጄ ገባ። ኢሳ መተማ ላይ አሥራ አንድ ቀን ቆሞ ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ያ ሉጥፊያ» አለኝ። «አስቸኳይ ነበር እንዴ?»

«አይ» አልኩት። እሱ መንገዱን አልዘጋው።

የህሊናን ቃል እንዳለ ፈጸምኩ። ማሽኗ ሞልድ የምታግልበት ገመድ ተቆርጧል፤ የከሰል ካውያ አለኝና እሱን አግዬ ሞልዱ ላይ አስተኛሁት። መርፌዋ የተሰበረችበትን የግራውን ጉድጓድ መግቢያ በቀጭን መዳብ ዘጋሁ። የአየር መውጫውን በአልኮል አጠብኩ። ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው አድርጌ ለቀቅሁት። አንደኛዋ ሦስት አራተኛ ደረሰች። አራተኛዋ ሞላች።

ብርሃን ላይ ይዤ አየኋት። ቀለበቷ ሙሉ፣ እግሯ እስከ ጫፉ ሙሉ። ቁጭ ብዬ አላየኋትም፤ ካውያው ሳይበርድ አምስተኛዋን ጨመቅሁ።

አሁን የሚያስቸግረኝ አየሩ ነው። ካውያው ሲበርድ እግሯ ይጎድላል፤ ሲግል ሞልታ ጫፏ ይጠቁራል። በመሐል ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ ከአሥሩ ሁለቱ ሦስቱ ብቻ ደህና ይወጣሉ። በአንድ መርፌ፣ በስድስት ቀን፣ መቶ ሰባ አራት ደህና ፍሬ አለኝ። እስከ ከነገ ወዲያ ጠዋት ሳልተኛ ብሠራ ሁለት መቶ ሠላሳ ትደርስ ይሆናል። በሁለት መርፌ ከጥቅምት ጀምሮ ቢሆን ስንት ይሆን ነበር ብዬ ማስላት ጀምሬ ተውኩት።

ጋሼ፣ በባልዲው አልተቆጣሁም። ባልዲ መሥራት ነውር አይደለም። ታኅሣሥ ላይ «አላውቅም» የምትል አንዲት ቃል ቢጽፉልኝ ኖሮ ማሽኗን አጥፍቼ እጠብቅ ነበር። እኔም ቁጥሩን አጥቤዋለሁ ብዬ በጥቅምት ብነግርዎ፣ እርስዎ ያን ጊዜውኑ አዋቂ ፍለጋ ይወጡ ነበር። ሁለታችንም ፊታችንን ጠበቅን። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ለእርስዎም ለእኔም አይጠቅምም።

ለእናቴ ለረመዳን ትመጣለች ብለዋታል። እባክዎ ሄደው ይንገሯት። ምን እንደሚሏት እኔ አላውቅም፤ ዋሽተው ግን አይንገሯት።

በዐረብኛ ያስጻፉትን ወረቀት ለጎረቤታችን ሳላሳይ በራሴ አነበብኩት፤ ማንበብ እዚህ ተምሬያለሁ። ጥሩ ተጽፏል። ለኡስታዝ ኦመር ብሰጠው መርፌዋን የሰበርኩት በራሴ ድፍረት እንዳልሆነ ያውቃል። ፍሬዎቹ ድንበር ተሻግረው መሐንዲስ እጅ እንደገቡም በዚያው ወረቀት ያውቃል፤ የከለከለኝ ደግሞ ይህንኑ ነው። ባልሰጠው፣ ሞልዱን ሰብራ ዝም ያለች ቤት ጠራጊ ነኝ። በአንደኛው አታላይ፣ በሌላኛው አጥፊ። ፓስፖርቱን ለየትኛዋ እንደሚሰጥ እያሰብኩ ሦስት ቀን ቆየሁ። ለሁለቱም ላይሰጥ ይችላል። ይዞት ይምጣ አይምጣም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ኢሳ ጠዋት ስለሚነሣ ይህን ደብዳቤ አሁን እሰጠዋለሁ፤ እርስዎ ሲያነቡት ነገሩ አልቆ ይሆናል። ወረቀትዎን እስካሁን አልቀደድኩትም፣ ለመስጠትም አልቆረጥኩም። ኡስታዝ ኦመር እዚህ የሚገባው ሰኞ፣ የካቲት 9፣ ከዙሁር ሶላት በፊት ነው።

ሉጥፊያ ይማም